ሁለት ከረጢት ደም

ሰኞ፣ ሰኔ 3

እሺ አለ! ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኜው፣ ተቆጥቼው፣ አልቅሼበት እምቢኝ ያለው ትንሹ ወንድሜ ዛሬ ኩላሊትሽን እወስዳለሁ አለኝ። ወዶ አይደለም። ክንዱ ላይ ለእጥበት የተሠራለት የደም መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ተዘጋ። የኩላሊት ዶክተሩ «አሁን አንገቱ ላይ ባስገባነው ቱቦ ቢበዛ ሁለት ወር ነው የምንገፋው፤ ከዚያ በኋላ መግቢያ የለንም» አለ። ስለ መኪና ጎማ የሚያወራ ነው የሚመስለው ሰውዬው!

ቀጮ (ከልጅነቱ ጀምሮ የምንጠራው እንዲህ ነው፤ አሁንማ ጭራሽ ስሙን መሰለ) ግድግዳውን እያየ «እታለም፣ ልጅሽን ግን አስቢ» አለኝ። አፍህን ዝጋ አልኩት። ባንድ ኩላሊት የሚኖር ሰው ሞልቷል። እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስለ ሽቦ ሲያወራ ጣልቃ ገብቼበት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ሰባት ቱቦ። ሁለተኛ ፎቅ፣ የሰው ሕዋስ ከሰው ሕዋስ መስማማቱን የሚያዩበት ክፍል። እኔ የምሠራው ከእነሱ ሥር ደም ባንክ ውስጥ ነው፣ አሥራ አራት ዓመቴ። የዚያ ክፍል ኃላፊ ባለመነጽሯ አራት ገጽ ቅጽ ዘረጋችልኝ። «ታማሚው ከዚህ በፊት ደም ወስዶ ያውቃል? መቼ? ከማን?» ይላል አንዱ መስመር። ቸኩዬ ስለነበር አለፍኩት። ቅጽ ሲወዱ!

ዓርብ፣ ሰኔ 7

እጥበት ክፍል ነኝ። አራት ሰዓት መቀመጥ ነው፣ እስኪ ልጻፍ።

ቀጮ ማሽኑ ላይ ተኝቷል። እማዬ ጎኔ ተቀምጣ «ግን ምኑን ነው የሚመረምሩት? እህቱ አይደለሽ?» ስትል ጠዋቱን ሙሉ ጨቀጨቀችኝ። በመጨረሻ አስረዳኋት። እያንዳንዱ ሕዋስ ላዩ ላይ ምልክት አለው አልኳት። በደም ውስጥ የሚዞሩ ነጭ ሕዋሳት ያን ምልክት ያነባሉ። የቤት ከሆነ ያልፋሉ። ሕዋሱ ውስጥ ቫይረስ ከገባበት ስብርባሪውን ከምልክቱ ጋር አውጥቶ ያሳያል፣ ያን ያየ ገዳይ ሕዋስ በዚያው ይጨርሰዋል። አንዳንዱ የተበላሸ ሕዋስ ደግሞ እንዳይነቃበት ምልክቱን አውልቆ ይደበቃል። ለእሱም መድኃኒት አለው፤ ምልክት ያላሳየውን የሚገድል ሌላ አለ።

«ውይ! የራሳቸውን ሰው ቢገድሉስ?» አለች።

«ለዚህ ነዋ ትምህርት ቤት ያላቸው» አልኳት። ደረት ውስጥ ልብ ላይ የተደገፈች ትንሽ ሥጋ አለች። ገና ልጅ እያሉ እዚያ ይፈተናሉ። የቤቱን ሰው የሚነክስ እዚያው ይቀራል። አብዛኞቹ ወድቀው ነው የሚቀሩት። አንዳንድ ሰውም እንዲህ ተፈትኖ ቢወጣ ጥሩ ነበር።

እማዬ አሰበች፣ አሰበችና «ታዲያ አንቺም የእኔና የአባትሽ፣ እሱም የእኔና የአባትሽ። ምኑ ነው እንግዳው?» አለች። ምልክቱ በጥቅል በጥቅል ነው የሚወረሰው፤ አንቺ ሁለት ጥቅል አለሽ፣ ለእያንዳንዳችን አንዱን ሰጠሽ፤ አባባም እንደዚያው። ሊገጥም ይችላል፣ ግማሹ ሊገጥም ይችላል፣ ጭራሽ ላይገጥምም ይችላል አልኳት። «እኔ አላዳላሁም» አለችና ተቆጣች። ሳቄ መጣ።

ሳቄ አልቆየም። የቀጮ ስልክ ጮኸ። እንደ ሁልጊዜው በእጥበት ጊዜ ስልኩ እኔ ጋ ነው። ጋሼ! ዓይኑን በጨው አጥቦ ይደውላል! ዘጋሁበት።

ጋሼ የሁላችን ታላቅ ነው። የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀጮ ደሙ አልቆ ሦስት ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ደም አልሰጥም ብሎ ተመለሰ። ለወንድሙ! «ዶክተሩ እኮ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። አላስጨረስኩትም። ኮሪደር ሙሉ ሰው እየሰማ «ፈሪ! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አልኩት። የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንድ ከረጢት ያኔ፣ አንድ ከረጢት ደግሞ ከአራት ወር በኋላ። ቀጮ በማግስቱ ጉንጩ ቀልቶ እየተራመደ ወጣ። ያን ጊዜ ወንድም ማለት ምን እንደሆነ አየሁ፣ እህት ማለትም።

ይኸው ሳስበው ደሜ ፈላ። ነርሷ ምን ሆነሻል አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

አይሆንም አሉ። ገድሎታል። የእሱ ደም የእኔን ሕዋሳት ገደለ። ናሙናው ተቀያይሯል። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ወጥቼ ጮህኩባቸው። ቱቦ ላይ ስም መለጠፍ የማይችል ሰው ሁሉ ነጭ ጋውን እየለበሰ! ባለመነጽሯ ከእኔም ከእሱም አዲስ ደም አስቀድታ ዓይኔ እያየ ደግማ ሠራችው። ክሮስማች ይሉታል፤ የእሱን የደም ውሃ ከእኔ ነጭ ሕዋሳት ጋር ቀላቅሎ መጠበቅ ነው። ከዚያ ቀለም ይጨመርበታል። በሕይወት ያለ ሕዋስ ቀለም አያስገባም፣ ያበራል። የሞተው ይጠቁራል።

«ነይ እይው» አለችኝ። አየሁ። የሚያበራ ፈለግኩ፣ ከዳር እስከ ዳር። ሁሉም ጠቁሯል።

«ኩላሊትሽን ብናስገባበት ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ ነው የሚያከስለው» አለች። «ሰውነቱ ያውቅሻል። የሆነ ቦታ አግኝቶሻል።»

ምን ማለቷ ነው የሆነ ቦታ አግኝቶሻል?

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ጠራችኝ። «ግማሽሽ ይገጥማል፣ በእናታችሁ በኩል። የማይገጥመው ያባትሽ ጥቅል ነው፤ የወንድምሽ ደም እሱ ላይ ነው የዘመተው። እንዲህ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ከሜዳ አይመጣም። ቅጹ ላይ ይኼን መስመር አልሞላሽም። ደም ወስዷል እንዴ?»

«ወስዶ ይሆናል፣ ከባንክ። በደንብ አላስታውስም» አልኳት።

አሥራ አራት ዓመት ደም ባንክ የሠራች ሴት አላስታውስም ትላለች። እሷም ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። ምን ታየኛለች!

እሑድ፣ ሰኔ 16

ትክክሉን እዚህ ልጻፈው፣ ለራሴ። ዶክተሩ ያኔ ያዘዘው ነጭ ሕዋሱ ተጣርቶ የወጣለት ደም ነው። ማጣሪያው አልቆ ነበር። ሦስት ቀን ጠብቁ አሉን። ሦስት ቀን! ልጁ ከንፈሩ ወረቀት መስሏል። እማዬ ደግሞ «የባዳ ደም እንዳይገባበት፣ አደራሽን» እያለች እጄን ይዛ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ ነበር? ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ አልጋው አለ፣ ከረጢቱ አለ። ቀዳሁ፣ መረመርኩ፣ ንጹሕ ነው፣ በተራ ሰጪ ቁጥር መዘገብኩ። እኔ ቦታ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ይህንኑ ያደርጋል።

ሳይጣራ መሰጠቱ ትንሽ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ምንም አይሆንም። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

እማዬ እኔ ፊት ስልኳን አንስታ ጋሼ ጋ ደወለች። እሷ ስኳር አለባት፣ አባባ የለም፤ የቀረው እሱ ነው። «ልጄ፣ ለወንድምህ ኩላሊት እንፈልጋለን» አለችው፣ ልክ አንድ ጣሳ ዘይት እንደሚበደር ሰው። ምን እንዳላት አልሰማሁም፣ ወጥቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ደም ያልሰጠ ፈሪ ኩላሊት ይሰጣል? ቆሽቴ አሯል!

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

መጣ። መኪናውን ከነጭነቱ መንገድ ዳር አቁሞ፣ አቧራ እንደጠጣ። ቤቴ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጄ ተጠመጠመችበት፣ ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ ፊቴን አየችና ለቀቀችው።

እኔ ቤት ቀጮ የሚተኛበት ክፍል ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ሳሎን ተቀመጠና «ሻይ የለሽም?» አለኝ፣ ትላንት እንደተለያየን ሁሉ! ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደንቀር አድርጌ አስቀመጥኩለት።

«አሁን ከየት መጣ ጀግንነቱ?» አልኩት።

«ምን ጀግንነት?»

«ያኔ መርፌ ፈርተህ ጥለኸው ሄድክ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ያኔ ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ‹እናንተ ቤተሰብ ደም እንዳትሰጡት። ነገ ኩላሊት የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ ሰውነቱ ካሁኑ ካወቃችሁ ያኔ አይቀበላችሁም› አለኝ። ይኼን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። አላስወራሽኝም። ከዚያ በኋላም ስንቴ ደወልኩ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። «አንቺ መስጠትሽን ለሐኪሞቹ ነግረሻቸዋል አይደል?» አለኝ።

«ነግሬያለሁ» አልኩት።

ደግሞ አልነገረኝም። ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። መጀመርና መንገር ይለያያል። አንድ ሰው እውነት ከልቡ ሊነግርህ ከፈለገ ቢጮሁበትም ይጮሃል!

እኔስ ብሆን መች አጣሁት? ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የተማርነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

ጋሼ ደም ሰጠ፣ ለምርመራ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ይወድቃል ብዬ ጠበቅኩ፣ እውነቱን ለመናገር እንዲወድቅ ፈልጌ ነበር። ክንዱን ዘርግቶ መርፌው ሲገባ ዓይኑን ሳያርገበግብ አየው፣ ከቀጂዋም ጋር ስለ ዝናቡ አወራ። ሰባቱ ቱቦ እስኪሞላ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

የጋሼ ገጥሟል! የሚያበሩት ሕዋሳት ከዳር እስከ ዳር። ቀጮና እሱ ያባባን አንድ ጥቅል ነው የወረሱት፤ የማይገጥመው በእማዬ በኩል ያለው ነው፣ እሱን ደግሞ የቀጮ ደም አይነካውም። እማዬ «አላዳላሁም አላልኳችሁም!» ብላ እልል ልትል ስትል ነርሷ አፏን ያዘቻት።

ከዚያ ባለመነጽሯ ለብቻዬ ጠራችኝ። ለንቅለ ተከላው አልፈርምም አለች።

«ዛሬ ንጹሕ ነው። ግን ልጁ የማን እንደሆነ የማላውቀው ደም ወስዷል። የዛ ሰው ምልክት የወንድምሽን ይምሰል አይምሰል አላውቅም። ትዝታ ያለው ሕዋስ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ ዛሬ ምርመራ ላይ አይታይም። ኩላሊቱ ሲገባ ይነቃና በሳምንት ይጨርሰዋል። ሰጪው ከታወቀ ግን የሱን ምልክት አይቼ ባንድ ቀን እወስናለሁ። ካልታወቀ ለወራት ደጋግሜ መመርመር አለብኝ።»

«ወራት የለንም እኮ!»

«እኔስ መች ጠፋኝ» አለች። «መዝገባችሁ ውስጥ ፈልጊልኝ። ያንቺ ቤት አይደለም?»

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ቀጮ ተኮሰው። አንገቱ ላይ ያለው ቱቦ አመርቅዟል። ዶክተሩ ይነቀል ይላል፤ ከተነቀለ የት ይገባል? መዝገቡን አወጣሁ። የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁት፤ ተራ ሰጪ ብዬ የጻፍኩት ቁጥር። መልሼ ዘጋሁት። ሥራዬ ነው። ልጅ አለኝ። ቤት ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ። ባለመነጽሯ ናት ያመጣችብኝ! ያ ዶክተር ነው፣ እኔን መንገር ሲገባው ለጋሼ ነግሮ! ማጣሪያውን ያስጨረሱት ናቸው! እማዬ ናት፣ አደራሽን እያለች!

እማዬ ምን ታውቃለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ነገርኳት። መዝገቡን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። «ሁለቱም ከረጢት የኔ ነው። አልተጣራም። ሌላ ደም በጭራሽ አልወሰደም፣ ከእኔ በቀር።»

መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ዓይኗ ትንሽ ነው፣ ደክሟታል። «ሁለተኛውስ?» አለችኝ። «የመጀመሪያውን በጭንቀት ነው ልበልሽ። ሁለተኛው ላይ ማጣሪያ ነበረን።»

እኔ በሰጠሁት ደም ሲድን ማየት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ድጋሚ ማየት ፈለግኩ። ይኸው ነው። የሆንኩት ቂል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

በዚያው ቀን ለጋሼ ፈረመችለት። በዚያው ቀን እኔን አገዱኝ፤ ባጄንና የደም ባንኩን ቁልፍ አስረከብኩ። ሁለቱንም ያደረገችው ባንድ እስክሪብቶ ነው። ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5

ለቀጮም ነገርኩት። ትኩሳቱ ወርዷል፣ ቱቦውን ወደ ሌላው የአንገቱ ጎን አዛውረውታል። ሁሉንም በተራ ነገርኩት፤ ከረጢቱን፣ ማጣሪያውን፣ ጋሼ ለምን እንዳልሰጠ። ኩላሊቴን ያበላሸሁብህ ራሴ ነኝ አልኩት። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«የደሙን ተዪው። ያኔ ሞቼ ነበር፣ ደም ያለው ሰው ሁሉ ቢሰጠኝ እጠጣ ነበር» አለ። «ጋሼ በየሳምንቱ ይደውል ነበር?»

ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመርኩ።

«በየሳምንቱ። እጥበት ላይ ሆኜ ስልኬን አንቺ ትይዥያለሽ። ጥሪውን እየዘጋሽ ታጠፊዋለሽ። ‹አንዴ እንኳን አልደወለም› ትዪኛለሽ፣ እኔም አምኜ፣ እኔም በተራዬ እሱ ጋ ሳልደውል። ጋሼ ሸክም ሆንኩበት፣ ጠላኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ማሽን ላይ ጣሪያ ሳይ ነበር፣ እታለም። ልጅ ሆኜ መኪናውን የነዳሁት በሱ ጭን ላይ ተቀምጬ ነው እኮ።»

«ተናድጄ ነው» አልኩት።

«አንቺ መቼ ሳትናደጂ ቀርተሽ ታውቂያለሽ» አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ።

የምመልሰው ነገር አሁን ነው የሚመጣልኝ። አንድም የሚረባ የለበትም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ቀኑ ተቆረጠ፣ ማክሰኞ። ቀጮ ከተኛበት ክፍል ሆኖ ከእማዬ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው። እኔ ስገባ ተኝቷል። ስወጣ ይነቃል። ምግብ አምጥቼ አስቀምጣለሁ፣ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፤ ማን እንደበላው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ያለው ጥበቃ ያውቀኛል። አሥራ አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም ተባብለናል፤ ልጁ የታመመ ጊዜ ውጤቱን ሮጬ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ዛሬ ጋሼንና ቀጮን ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች አስገብተዋቸው ነበር። እማዬ አለፈች። እኔ ተከተልኩ።

«እህቴ፣ ባጅሽ?» አለኝ።

«የለኝም። ዛሬ ቤተሰብ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

ታማሚው ራሱ የሞላውን የጠያቂዎች ዝርዝር አወጣ። በጣቱ እያንዳንዷን መስመር ወረደ። አንዴ ጨርሶ ደግሞ ከላይ ጀመረ፣ ያለፈው ስም እንዳይኖር ፈርቶ። ጆሮው ቀላ። «እናትየዋ አሉ። ሌላ… የለም» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያን በር በጩኸት አፈርሰው ነበር። ሰውዬው ተሳስቷል እል ነበር፣ ወረቀቱ ተቀያይሯል እል ነበር። «ልክ ነህ» አልኩትና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተናድጃለሁ፣ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ተናድጃለሁ፤ የምናደድበት ሰው ግን ከእኔው ጋር ደረጃው ላይ ነው የተቀመጠው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዝናቡ ጣለ፣ አባራ። ስልኬ ጮኸ።

«ሸና!» አለች እማዬ። «ልጄ ሸና! ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ሐኪሞቹ አጨበጨቡ! ቱቦው ሞልቶ ፈሰሰ አሉኝ! ጋሼሽም ደህና ነው፣ ነቅቶ ውሃ አምጡ እያለ ይጨቃጨቃል!»

ጥበቃው ከስልኩ ሰምቶ ከመቀመጫው ተነሳ። እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ወንበሩንም ገፋ አደረገልኝ፣ ደረጃው እርጥብ ነው ብሎ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ስለ እኔ ጠይቋል?»

እማዬ ውሸት አትችልም፣ እኔን ማን እንዳስተማረኝ እንጃ። «ደክሞታል ልጄ» አለች።

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚያው በር ላይ እሆናለሁ። ጥበቃው ዝርዝሩን ያውጣና ያንብብልኝ። ከነገ ወዲያም ያንብብልኝ።